ቃል ከፋይ

እኔ ዕጣ አልጥልም፤ ከጥጉ ላይ ቆሜ
ካሜራ እጠብቃለሁ ሽቦ ተሸክሜ።
ዳንዲ ከተማ ውስጥ፣ ከምንጣፍ ሱቅ በላይ፣
መስኮቱ ሲከፈት የቴይ ወንዝ ሲታይ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ አራት ሰው ይመጣል፤
አንዱ ዓለም ይሠራል፣ ሦስቱ ይኖሩበታል።
አራት መቶ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ስድስት መቶ
ሰው በየቤቱ ያያል፣ ሻዩን ቀድቶ።

ቶርክል የጨዋታው አባት፣ ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም፣
ማታ ግን ዘንዶ ነው፣ ንግሥት ነው፣ አንዳንዴም
ጉንፋን የያዘው ዘበኛ፤ ድምፅ አያልቅበትም።
ሩአሪ ፈረሰኛ ነው፣ ከመጽሐፉ የተቀዳ፣
ጋሻው የታወቀ፣ የሌለበት ዕዳ።
ናዝሊን ሌባ ናት፤ አሥራ ሁለት ቁልፍ አላት፣
የገዛ ቤቷ ቁልፍ ግን ሁሌ የሚጠፋባት።

ኢሽቤል ብቻ፣ የሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌሯ፣
መጽሐፉ የማያውቀው ሰው ይዛ መጣች በደብተሯ፤
በእርሳስ የተጻፈ፣ ሦስት ጊዜ የተፋቀ፦

ስሟ ሜርን። ሥራዋ ቃል ከፋይ።
በእጇ ቁስል ትዘጋለች፤ ዋጋው አንድ ቃል ነው።
የከፈለችውን ቃል ሜርን ዳግም አትልም፤
ሜርን የማትለውን እኔም አልልም።

ቶርክል አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።
«ይኼ ሚዛን የለውም» አለ። «ደካማ ነው? ኃይለኛ ነው? አላውቅም።»
«እኔም አላውቅም» አለች። «እስኪ እንየው።»

መጀመሪያ የሄደው «ጨው» ነበር፣ ለናዝሊን ጣት።
ቀላል መሰለን፤ ሳቅን። በሳምንቱ፣ ማደሪያው ቤት፣ እራት
ሲቀርብ፣ «ባሕሩ ሲደርቅ የሚቀረውን አቀብሉኝ» አለች።
ቀጥሎ «ማክሰኞ»። ቀጥሎ «ቢጫ»። ቀጥሎ «በር»።
ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ራሱን የቻለ ነገር፤
«ግድግዳው እሺ የሚልበት ቦታ» አለች አንዴ፤
ከካሜራው ጀርባ ትንፋሼ ቆመ፤ ይህ ግጥም ነው እንዴ?
ተመልካቹ መዝገብ ያዘ፤ አንድ ማታ ልታመልጣት «ቢጫ»፣
«ቢ—» ብላ ሳትጨርስ ስድስት መቶ ሰው ተንጫጫ።

ለምን እንዲህ ያለ ሕግ እንዳወጣች ማንም አልጠየቃት።
ገመድ ላደርስ ሄጄ አባቷን አንድ ቀን አየኋቸው፤
ከወደቁ ወዲህ ማንኪያን «ያ... ያ...» ነው የሚሏት፤
እሷ ታቀብላለች፣ ቃሉን ግን ሳታቀብላቸው፤
እስኪመጣ ትጠብቃለች።
አንዳንዴ ይመጣል።

ባለፈው ሐሙስ የሩአሪ ዕጣ ተንከባለለ፣
የጠረጴዛው ጠርዝ ጋ ደርሶ፣ አመንትቶ፣ ዋለለ፤
ከሃያው ፊት አንድ።
ፈረሰኛው ከግንቡ ወደቀ፣ ከነጋሻው።
«ስንት?» አለች ኢሽቤል።
«አንድ» አለ ቶርክል፣ «ግን የምትፈልጊው ይሁን።»
ዘንዶም ንግሥትም አልነበረም ያን ጊዜ ድምፁ፤
ጥርስ ሐኪም ነበር፣ አያምም ብሎ የማይዋሽ።

ማይክሮፎኑ ዝናቡን ለቀመ።
ሩአሪ «ተይው፣ ሌላ ሰው እሠራለሁ» አለ፤
ግን እጁ ወረቀቱን አልለቀቀም።

«ድልድይ» አለች።

«ኢሽቤል!» አለች ናዝሊን፣ «አውቶቡስሽስ?»
በቀን ስምንት ጊዜ ታልፍበታለች።
መልስ አልሰጠችም። እርሳሱን አነሣች፤
ቃሏን እንዳትበላ ቃሏን ከፈለች።

ዓርብ ጠዋት ሃያ ሁለትን ተሳፈርኩ፣ ለሥራ አልነበረም።
ጉም ወንዙን ውጦታል። የፌርማታ መጥሪያው ከተበላሸ ወር ሆኖታል፤
የምትጠራው እሷ ናት።
«ቀጥሎ...» አለች።
ዝናብ መጥረጊያው ሁለቴ ሄዶ ተመለሰ።
«ቀጥሎ፣ ውኃው የማይነካን መንገድ።»
ከኋላ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ «ምን አለች?» አለቻት፤
ጎረቤቷ ትከሻዋን ነቀነቀች።
እኔ አውቅ ነበር። አፌ ጫፍ ላይ ነበር።
ዋጥኩት።
ከእግራችን ሥር መሬቱ ቀረ፤
ስሙን ሳንጠራው ተሻገርነው።