የእትዬ ሉባባ ጣራ

ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ወደቅሁ፤
ከሐሰት ዛፍ፣ ከሐሰት ግንብ ተላተምሁ፣ ደቀቅሁ።
ከዚያ ከሙሄ ሬዲዮ ቤት ጓዳ፣
ግማሽ በቁጠባ፣ ግማሽ በዕዳ፣
እርሳስ ሳቀልጥ፣ ሽቦ ከሽቦ ሳላምድ፣
ጣቴን ስጠብስ፣ ሞተር ሳነድ።

መጀመሪያ መቶ ሜትር። ቀጥሎ ሁለት መቶ።
እንድሪስ ከጎኔ፣ አንገቱን አቅንቶ፣
«አለች… አለች… ጠፋች» ይለኛል፤
እኔ መነጽር ውስጥ ነኝ፣ ምን ይጠፋብኛል?
እግሬ ከፕላስቲክ ወንበሩ ሥር መሬቱን ነክቶ፣
ሆዴ ግን ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ።

ዛሬ ጭጋጉ ሸሸ። ሰኔ ደጅ ደርሳለች።
ደሴ ከሥሬ እንደ ሰሌን ተዘርግታለች።
«ጦሳን ልዙረው» አልሁ። ጥጋብ ነው።
አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት፣ ሦስት ስቆጥር
ተራራው መሐላችን ገባ እንደ አጥር፤
ሥዕሉ ተበጣጠሰ፣ በረዶ ሞላው።
«ሬዲዮ ተራራ አይበሳም» ብሎኝ ነበር ሙሄ።
እጄን ከመሪው አነሳሁ።
እሷ ግን ከፍ አለች፤ ዞረች፤
ቤቷን አልረሳችም።

ስትመለስ፣ ገና ድምጿ እንደ ንብ ሲሰማ፣
እትዬ ሉባባ ያሰጡትን ልብስ ጥለው
ልጆቹን ወደ ቤት ሲያስገቡ
በካሜራው አየሁ።
ያን ድምፅ ያውቁታል።
የረሳሁት እኔ ነኝ።

አወረድኋት። አጥሩን ዞሬ ሄድሁ፤ ይቅርታ አልሁ።
መነጽሩን በሻሻቸው ላይ አጠለቅሁላቸው፣
በቀስታ፣ ከግቢው በላይ ብቻ፣ አስነሣኋት።
ዝም አሉ።
«ያቺ ቀይዋ የኔ ናት?»
«አዎ።»
«ለካስ እንዲህ ነው የምንታየው።»
ቆየት ብለውም፣ ጣታቸውን ወደ ባዶ አየር ዘርግተው፦
«ለካ በዚያ በኩል ነው የሚያፈሰው!»