መስመሩ ለምን ተጣመመ?

ሃያ ሁለት ዓመት በሳሬማ ደሴት ጎዳና
አውቶቡስ ስነዳ፣ በበረዶ በደመና፣
ግራና ቀኝ ያለው አንድ ስም ነበረው፤
"ሣር" ብዬ የማልፈው።

መምህርት ቪርቬ፣ ጫማዋ የጎማ፣ ቦርሳዋ የሸራ፣
ተማሪ አስከትላ ሜዳው ውስጥ ስትገባ በስተግራ፣
እኔ ከመሪው ሥር ጋዜጣዬን ይዤ
እጠብቃት ነበር እንቅልፌን አርግዤ።

ዘንድሮ በሰኔ ወንበሩ ግሎ አላስቀምጥ ቢል
ወረድኩ። "ና፣" አለችኝ፣ "አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ኤንደል።"
የእንጨት ክፈፍ ሰጠችኝ፣ ሜትር በሜትር፤
"ዞር በልና ሳታይ፣ ሳትመርጥ ወርውር።
የወደቀበት ነው የዛሬ መጽሐፋችን፤
እናነበዋለን ቆሽሾ ጉልበታችን።"

ሄልቪ በደብተሯ "አረንጓዴ" ብላ ጽፋ አቆመች።
"ቀለምን ጥላ ያሳስተዋል፤ ጣትሽን እመኚ፣" አለች።
"ሣር ክብ ነው፣ ውስጡ ባዶ፣ አንጓ አለው እንደ ሸምበቆ፤
ቄጠማ ሦስት ጎን አለው፣ ጣት ይለየዋል ጠምቆ ጠምቆ፤
አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ቅጠሉም ጥንድ ጥንድ፣ አሽታችሁ አሽትቱ፤
የናና ዘመድ ይሆናል። ስሙ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይጠየቅ ቤቱ።"

ከዚያ ሳማ ጨበጠች። በባዶ እጇ!
ልጆቹ ጮኹ፤ እሷ ሳቀች፤ አልቀላም መዳፏ፣ አላበጠም ጣቷ።
"ሳማ ነው ያላችሁ ማን ነው?
ግንዱን እዩት፣ አራት ማዕዘን ነው።
የሚለበልብ የራሱ ምንም የለው፤
በጎረቤቱ ስም ተፈርቶ የሚኖር ነው።"

ታርሞ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ሦስት ስም ሰጠው፣ ሦስቱም የተለያየ።
ራይቮ፣ የኋላ ወንበሩ ዝምተኛ፣ ተንበርክኮ በማጉያው አየ፤
ሰማያዊ አበባ፣ ከጥፍር ያነሰች።
"ጠጉር አለው፣" አለ፣ "በግንዱ ላይ በሁለት መስመር የወረደች፤
አንጓው ጋ ስትደርስ ዞራ
በሌላው ጎን ትቀጥላለች፣ ልክ እንደ ተራ።"
ቪርቬ እርሳሷን አስቀመጠች።
ምንም አላለች።
ሁለት ዓመት ጭኜዋለሁ ያንን ልጅ፤
ድምፁን የሰማሁት ያን ቀን ነው እንጂ።

አርባ ሦስት ቆጠርን። በአንዲት ሜትር ላይ።
ማታ ስመለስ ዝግ ብዬ ነዳሁ፤ ፀሐይዋ አልጠለቀች፣ ነጭ ነበር ሰማይ።

ሐምሌ ላይ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ
በትራክተር የመንገድ ዳር ማጨድ፣ እስከ ባሕሩ መዳረሻ ድረስ፣ በየዓመቱ።
ቀጥ ያለ መስመር ኩራቴ ነው።
ዘንድሮ ግን አንድ ቦታ ላይ እጄ ነው መሪውን ያጠፈው።

አለቃዬ መኪናውን አቆመ፤ ወደ ኋላ አየ፤
"ኤንደል፣ መስመሩ ለምን ተጣመመ?" ብሎ ጠየቀ።
ስሙን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ጠፋኝ።
ሦስት ጎን ነበር? አራት? መርሳቴ አናደደኝ።
ወርጄ ተንበረከክሁ፤ ግንዱን በጣቶቼ መካከል ይዤ፣
"ቆይ፣" አልኩት፣ "ገና ቤቱን እየጠየቅሁ ነው።"