ሁለቱ ሐምሌ

ሐምሌ ሁለት ነው እኛ ዘንድ፤
አንዱ ጦሳ ራስ ላይ ጉም ተከናንቦ የሚተኛ፣
አንዱ ሚሌ በር ላይ የተቀመጠ፣ ዓይኑ የማይከደን ዘበኛ።
በመሐላቸው የአንድ ቀን መንገድ ነው፣
ባዶ ወርጄ አርባ ቶን ስንዴ ይዤ የምመለሰው።

የመጀመሪያው ዓመት፣ እውነቱን ልናገር፣ አለቀስሁ።
ማንም አላየኝም፤ እንባው ከላቡ ተቀላቅሎ፣
ጨው በጨው ላይ ደርቆ፣ ሸሚዜ ላይ የማላውቀውን አገር ካርታ ስሎ።
ጋቢናው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ፍም፤
መሪውን በጨርቅ ካልጠቀለልሁ አልጨብጥም።
ማቀዝቀዣ አለው፣ መኖሩን አለው፤
ባለንብረቱ ግን ናፍጣውን በዘንግ ይለካል፣
«ብርድ ካማረህ ደሴ ቤት ተከራይ» ይላል።

ረዳቴ ሙሄ የሐርቡ ልጅ ነው፤
«ሙቀት ለእኔ ምኔ ነው!» ሲል የከረመው፣
ዲቸቶ ስንደርስ ምላሱን ሰበሰበ፤ ዝም አለ።
አመሻሽ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣
«ጋሼ፣ የእኛዋ ፀሐይ ለካ ግልገል ኖራለች» አለ።

መልመድ እንደ ጎማ ነው፤ ባንዴ አይሞላም፣
ትንሽ ትንሽ ይነፋል።
መጀመሪያ ሱሪዬን ጣልሁ፤ ሽርጥ ያስታጠቀኝ ሐመዱ ነው፣
የሰርዶ ሰው፣ በተበላሸ መኪናችን ጥላ ፍየሎቹን ሊያሳርፍ የመጣው።
«ቀዝቃዛ ውሃ አትመን፣ ትኩስ ሻይ ጠጣ» አለኝ፤
«ንፋሱን አትስደበው፣ ጀርባህን ስጠው» አለኝ።
ከዚያ ጀሪካኑን በጆንያ መጠቅለል፣
ጆንያውን ነክሮ ከስፖንዳው ላይ ማንጠልጠል፤
የራሰ አንሶላ ለመስኮቱ መጋረጃ፤
ቀን ቀን ከተሳቢው ሆድ ስር፣ በጎማና በጎማ መሐል፣
ጥላዋ ስትሸሽ እየተከተሉ መንፏቀቅ፤
ሌሊት መንዳት፣
ከፊት ለምትመጣው ጨረቃ መብራት ዝቅ ማድረግ።

ከወንበሩ ጀርባ ያለችው አልጋ ሁለት ክንድ ናት።
እግሬን ከዘረጋሁ አንገቴ ይታጠፋል፣
አንገቴን ካቀናሁ እግሬ።
በሦስተኛው ዓመት ግን አንድ ሌሊት ተዘርግቼ ተኛሁ፤
እሷ ሰፍታ ይሁን እኔ አንሼ አላወቅሁም።
ከራስጌዋ የመዲና ፎቶ አለ፣
ሙቀቱ ጫፍና ጫፉን ጠቅልሎት፣
መሐሉ ላይ ሳቋ ብቻ እምቢ ብሎት።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ስንዴውን አራግፌ፣
ታጥቤ፣ ከነፍራሹ፣ ከቤቴ አልጋ ላይ አርፌ።
ዝናቡ ጣራውን ይወቅጣል፤
ቦርከና ሞልቶ ከሩቅ ያጓራል፤
ልጄ ከእንቅልፏ ሳትነቃ ብርድ ልብሱን ትጎትታለች።
አልጋው ሰፊ ነው።
በጣም ሰፊ ነው።
ከጎኔ የሚንቀጠቀጥ ብረት የለም፤
ዝም ያለ ቤት እንዲህ ይጮሃል ብሎ የነገረኝም የለም።
እኩለ ሌሊት ላይ ሽርጤን አገልድሜ ወጣሁ፤
ጭቃውን በነጠላ ጫማ አቋርጬ፣
ደጅ ከቆመው መኪና ገባሁ፣
ሁለት ክንዷ ላይ እንደ ሰንጢ ታጥፌ ተኛሁ።

ብዙም አልቆየ፤ በሩ ተንኳኳ።
መዲና ናት፤ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በአንድ እጇ የስልኳ መብራት።
ልትቆጣ መስሎኝ ነበር።
ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ የሙሄን ወንበር ያዘች፤
የራሰ ሻርፗን ገፋ፣ መስኮቱ ላይ ሰቀለች፣
ማንም ሳያስተምራት።
መስተዋቱ በትንፋሻችን ደመነ።
ፊቷን ወደ ዝናቡ እንዳደረገች፣
«አሁን ብንነሳ፣» አለች፣ «መጀመሪያ የት እንደርሳለን?»
«ባቲ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ይሞቃል።»

ጫማዋን አወለቀች።