የልክ ደብተር

ሌላው ሰው ዘፋኝን በድምፁ ያስታውሳል፤
የኔ ጣት በትከሻ፣ በወገብ ያስሳል።
አርባ ሁለት ዓመት፣ ፖቶ-ፖቶ ሰፈር፣
ብራዛቪል፤ ሱቄ ከመሸታ ቤት ጋር በአንድ ግንብ ድንበር።
ግጥሙን አልሰማሁም፤ ግድግዳ ቃል ይውጣል፤
ቤዝ ጊታሩ ብቻ በእግሬ ሥር ይመጣል።
የመኪናዬም መርፌ በሱ ምት ወጣች፣ ወረደች፤
የስንቱን ሙሽራ ሱሪ በማዱካ ቤዝ ጠቀመች።

«ጥቁር አናናስ» ይባሉ ነበር የመጀመሪያ ደንበኞቼ፤
ስምንት የሎሚ ቀለም ኮት፣ በሁለት ሌሊት፣ በእነዚህ እጆቼ።
ኦሶምቤ፣ ጊታር መቺው፣ ግራ እጅጌው ሁለት ጣት ያጠረ፤
አለዚያ ጨርቁ ከክሩ ጋር ነገር እየጫረ
ዜማ ያበላሻል። እሱ በክር ያድራል፣ እኔም በክር አድራለሁ፤
ሲበጠስበት ይራገማል፤ እኔ ምራቅ አስነክቼ እቀጥላለሁ።

ሎውኩ፣ ከበሮ መቺው፣ ብብቱ ስፌት አያምንም።
ድርብ ሰፋሁለት፤ ቀደደው። ሦስቴ መላለስኩት፤ አልሆነም።
ከወንዝ ዳር ዓሣ አጥማጅ የመረብ ክር ለመንኩ፤
በሰም አሽቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንደገና ጠቀምኩ።
ቀደደው።
ሳቀና «ታታ ባዙንጋ፣ ያንተ ልክ ለቆመ ሰው ነው» አለኝ።
ከዚያ ወዲህ ከበሮ መቺ ሲመጣ
«ቁጭ በል፣ ምታ» እላለሁ፤
ሜትሬን ይዤ በዙሪያው እንደ ዝንብ እዞራለሁ።

ንሶና፣ የ«ሦስት ጀልባ»ዋ፣ ቀሚሷን ስታሰፋ
የውስጥ ኪስ አለችኝ፤ በስተግራ፣ ጠባብ፣ ለዓይን የጠፋ።
ለምን አላልኳትም። ልብስ ሰፊ ብዙ ያውቃል፣ ጥቂት ይጠይቃል።
አንድ ቅዳሜ ማታ የመግቢያው ቤዝ ይዞራል፣
ይዞራል፤ በእግሬ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ጊዜ።
ሰው ሁሉ ዝም። አጨብጫቢውም ዝም።
የኪሱ ነገር ያኔ ገባኝ፤
የጀልባ ቲኬት ልክ ያን ታክላለች።
ኪንሻሳ ማዶ ናት። በበጋ ሌሊት ውሃው ሲተኛ
ድምፅ ወንዙን ይሻገራል፤
ሄጄ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ።
አንዲት ሴት ትዘፍናለች። እሷ ትሁን አትሁን እንጃ፤
ትከሻዋን አንዴ ብነካ አውቃት ነበር።

የምቤምባ ወገብ፣ ገጽ ሠላሳ ሰባት፦
ዘጠና ስድስት። ዘጠና ሁለት። ሰማንያ አራት።
በዚያው ዓመት፣ ከዝናቡ በኋላ፣ ሰባ አንድ።
ድምፁ ግን፣ ሥጋው በጠበበ ቁጥር ሰፍቶ፣
ግድግዳ አልፎ መጣ፤ ከሁሉ እሱ ብቻ።
የመጨረሻ ኮቱን አልለበሰውም ይላሉ።
ለብሶታል።
ቁልፎቹን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ፤ አራት ነበሩ።

ማዱካ ግን ዕዳ አለበት፤ ሦስት ሱሪ፣ አንድ ኮት፣ ከነገበሩ።
ስንት ዓመት ታግሼ፣ አንድ ቀን ሄጄ ቆምኩ ከበሩ።
«እሺ፣ እንተሳሰብ» አለኝ፣ ወንበር እየሳበ፤
«አንተስ በኔ ቤዝ ስንት ሱሪ ሰፋህ?
በል ቁጠር እንጂ፣ ምን ያዘህ?»
እስካሁን ማን ባለዕዳ እንደሆነ አልለየንም።

ዛሬ መሸታ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኗል።
ማዱካ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤
ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል።
ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤
እግሬ ሳላዘው ፔዳሏን ይረግጣል።
መኪናዋ ትሄዳለች። ክር የለባትም።
እሱም ክር የለው።
የስልክ ቤቱ ልጅ ብቅ ብሎ
«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ።
«ምንም» አልኩት፤ «ልክ እየወሰድን ነው።»