የቀኝ እጄ ደረሰኝ

ልደታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር፣
አለ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር፤
በቀኝ ጫፍ ሲቀመጡ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣
ይህን ከእኔ ሌላ ማን ልብ ይለዋል?
ዓመት ከሰባት ወር ተመላልሼበት፣
ጠርዙን ያለሰለሰው ቀሚሴ ነው ምናልባት።

ስሜ ትርሲት ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት።
ተክለ ሃይማኖት ግድም፣ ከአንዲት ጠባብ ቤት፣
የደንብ ልብስ ነበር የምሰፋው፣ የተማሪ፤
ነሐሴ ሲጋመስ ከመኪናዬ ጋር አዳሪ።

አንድ ማታ፣ ዝናብ አባርቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣
አንድ ልጅ መጣ ከጨለማው ወጥቶ።
ቦርሳዬን ሲጎትት ጎተትኩ እኔም፤
(መቀስና ክር እንጂ ወርቅ አልነበረበትም።)
ቢላው የእጄን ጅማት በአንድ ምት በጠሰው፤
ለካ ሰውም ይቀደዳል፣ እንደ ጨርቅ ነው ሰው።

ጥቁር አንበሳ ደረስኩ። ሐኪሙ ሰፋ፤
እሱ በሰፋ ቁጥር ቁስሌም ሰፋ።
«ተሰፋ» አለኝ ሲጨርስ፤ «ተስፋ» ብዬ ሰማሁ፤
በአንዲት ፊደል ስህተት ስንት ወር ጠበቅሁ!

ልጁ ተያዘ። ተፈረደ። ስድስት ዓመት፤
ሁለት ሺህ ብር መቀጮ፣ ገቢ ለመንግሥት።
ለእኔም ተወስኗል፣ ጽፈውልኛል በወረቀት፦
ስልሳ አራት ሺህ ብር፣ «ከተከሳሹ ንብረት»።

ንብረቱን አየሁት፤ ችሎት ቆሞ ሳለ
ዚፑ የተበላሸ አንድ ጃኬት አለ።
እጄ ደህና ቢሆን፣ ዚፑን እቀይር ነበር፤
እጄ ደህና ቢሆን፣ መቼ እዚህ ልገተር!

አልጠላሁትም ልበል? እዋሻለሁ። ጠልቼዋለሁ፤
እናቱን ኮሪደር ላይ ሳያት ግን ዝም እላለሁ።
(መቀጮውን የከፈለችው እሷ ናት፣ ዕቁብ ወጥቶላት፤
ከፋሻዬ ላይ ዓይኗን ታነሣለች፣ ሲከብዳት።)

መስኮት አራት ላይ ያሉት አቶ ሽመክት፣
ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያስረዱኛል በትዕግሥት፦
«ለታራሚው ቀለብ አለ፣ በነፍስ ወከፍ፤
ቀለም አለ ለእኛም፣ ውሳኔ ስንጽፍ፤
ለተጎጂ ግን፣ እህቴ፣ የሒሳብ መደብ የለም፤
ፈንድ ይቋቋም ተብሎ፣ ረቂቁ ገና አላለቀም።»

ረቂቅ! ለካስ ስሙ ነው የማይታይ፤
እኔ ረቂቅ የማውቀው መላእክትን ነው፣ በሰማይ።
አሥራ ሁለት ዓመት ገብሬያለሁ፣ ሐምሌ ሳይወጣ፤
ያ ሁለት ሺህ ብርስ ከማን ደም ላይ መጣ?

አንድ ጠዋት ተላላኪው «ካሳ!» ብሎ ተጣራ፤
ዘልዬ ተነሣሁ፣ ፌስታሌ እየተዘራ።
«አቤት!» አሉ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፤
ስማቸው ኖሯል ለካ። ምን ያደርጋል፣ ዕድሌ።

የተዘራው ደረሰኝ ነው፤ የመርፌ፣ የፋሻ፣ የራጅ፤
ጎንበስ ብዬ ለቀምኩት አንድ በአንድ፣ በግራ እጅ።
ባየው፣ ነጭ ነው። ባዶ። ሙሉ በሙሉ ደብዝዟል፤
የማሽን ቀለም ነውና ዓመት ሳይሞላው ጠፍቷል።
«ይህ ምንድን ነው?» ቢሉኝ አቶ ሽመክት በመስኮት፣
«እጄ ነው» አልኳቸው፤ «ፈዝዞ ነው፤ ይያዙት።»

ዝም አሉ።
ከዚያ ማኅተም አነሡ፣
ባዶውን ወረቀት «ገቢ» ብለው መቱ፣
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከመስኮቱ ራቁ፣ ቀሩ በዚያው።

ማታ ማታ በግራዬ እለማመዳለሁ፤
መስመር የማይመስል መስመር እሰፋለሁ።
አንዲት እናት ኮሌታው መጣመሙን አየችና
ግማሽ ሒሳብ ከፈለችኝ። ለግማሽ እጅ፣ ምስጋና።

በቀደም፣ ለማንም ሳልናገር፣ የፍርዱን ግልባጭ አጠፍኩ፤
አራት እጥፍ፤ ከዚያ ወንበር አጭር እግር ሥር ሸጎጥኩ።
አሁን አያጋድልም።
ስልሳ አራት ሺህ ብር ዋለ ለቁም ነገር፤
እስከ ጥቅምት ቀጠሮዬ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወንበር።