ብረት ያልነካው

ሬሆቮት። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል።
በመስታወት ሳጥን እጄን አስገብቼ፣
በጎማ ጓንት ጣት ጠርሙሱን ከፍቼ፣
አየር ሳያሸተው፣ እርጥበት ሳይደርሰው
ቦሮኑን መዘንኩት፤ ነጭ ነው፣ እንደ ጨው።
ላሪሳ ወንበር ላይ መነጽሯን ይዛ
«ዛሬም እንቢ ካለን…» አለችና ፈዛ፣
ሳትጨርስ ተኛች።

ሁለት ናቸው እነሱ፤
አንዱ፣ ቦሮን፣ ጎዶሎ፣ እጁ የተዘረጋ፤
ሌላው፣ ናይትሮጅን፣ ትርፍ ጥንድ ይዞ ተቀባይ ፍለጋ።
ይፈላለጋሉ፤ ግን ትከሻቸው ሰፊ፣
የለበሱት ካባ ወፍራም፣ እርስ በርስ ተገፋፊ።
ተያዩ፣ ተጠጉ፣ ሳይነካኩ ቀሩ፤
እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው ያለው ምሥጢሩ።
መንታው ሃይድሮጅን በዚያች ሾልኮ ሊያልፍ ሲል ባከነ፤
ተሰነጠቀና አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሆነ።
ለራሳቸው ግን አልበሉትም።
ያልጠገበ ካርቦን ከጎረቤቱ ጋር በሁለት እጅ ተያይዞ
ቆሟል አፉን ከፍቶ፣ ረሃቡን ይዞ፤
አጎረሱት። ጠገበ። ከሁለቱ እጅ አንዱ ተፈታ፤
እነሱም ዳግመኛ ባዶ ናቸው፣ እንደ ትናንት ማታ።

ይህ የፕላቲኒየም፣ የፓላዲየም ሥራ ነበረ፤
የውድ ብረት ሙያ፣
ቅንጣቱ ከመድኃኒቱ ጋር እየቀረ
ሰው ያሳሰበ።

ሰንበት ሲወጣ፣ ኪርያት ሞሼ፣ አራተኛ ፎቅ፣
(ሊፍቱ ወር አለፈው፣ ጠጋኝ ሲናፍቅ)
አያቴ ቢያድግልኝ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤
ወገራ ላይ አርባ ዓመት ወናፍ የነፋ፣
ቀን ማረሻ ያሠራው ሁሉ
ማታ «ቡዳ» እያለ ስሙን ሲያጠፋ፣
እሱ ፍሙን ያላጠፋ።

«ብረት የለበትም?»
«የለበትም።»
«መሠዊያም እንደዚያ ነው» አለ፣
«ድንጋዩን ብረት አይንካው ትላለች ኦሪት።»
ዝም አለ። ቅር ያለው መሰለኝ።
ስለ ጥንዶቹ ነገርኩት፣
ተፈላልገው ስለማይገናኙት።
ያን ጊዜ ሣቀ፣ በቀሩት ሦስት ጥርሶቹ፦
«መዶሻና መስፍ ናቸዋ!
ተጣብቀው ቢያድሩማ
ማረሻ በየት ይወጣል?»

የዓመት ሪፖርት ጽፌ፣ ስንት ገጽ አበላሽቼ
ይህችን አንዲት ቃል አላገኘሁም፣ ፈልጌም ሰልችቼ።

ሲነጋ ስክሪኑን አየሁ፤
የድርቡ እጅ ምልክት ከመስመሩ ጠፍቷል።
ላሪሳን አልቀሰቀስኳትም።
ጓንቱን አውልቄ እጄን አሸተትኩ፤
ጎማ ጎማ ይላል እንጂ
ብረት ብረት አይልም።