አፉን የማይዘጋ በር

ጥዋት፣ አንድ ሰዓት ከአሥር፣
ሻም ሹይ ፖ ጣቢያ፣ ከምድር ሥር፣
ማክ ፑይ-ሲም ትወርዳለች በሰው ጎርፍ ተገፍታ፣
በአንድ እጇ ቦርሳ ይዛ፣ ጃንጥላ በክንዷ አንግታ።

ቦርሳው ውስጥ ሁለት ካርድ አለ።
አንዱ ከላይ፣ ለእጅ የቀለለ፣
የሙሉ ሰው ካርድ፣ ሙሉ ሂሳብ ቆራጭ፣
በሩን ሲነካ አንዴ «ጢጥ» ብሎ ምሥጢር ዋጭ።
ሌላው ከታች፣ በመሃረብ ተጠቅልሎ የተኛ፣
ፎቶዋን የተሸከመ፣ ልደቷን የሚያውቅ ምቀኛ፣
ስድሳ በሞላች ማግስት ልጇ ያወጣላት፣
የትም ብትሄድ ከሁለት ዶላር የማያስበልጥባት።
ርካሽ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም፤
«ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!» ካለ ወዲያ የሚደበቅ የለም፤
እንደ ሰፈር ወሬኛ ለሰልፉ ሁሉ ያወራል፦
«እቺን ሴትዮ እዩልኝ፣ ስድሳ ሞልቷታል!»

ካርድ ሲሞላ ደስ ይላል፣ ዕድሜ ሲሞላ ያስፈራል፤
ካርድ ሲያልቅ ይሞላል፣
ዕድሜ ግን ሲሞላ ያልቃል።

ሴንትራል፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፤
ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ በጠመኔ ትለካለች።
ዕድሜውን አሳጥሪልኝ ያላት ደንበኛ ግን የለም፤
እሱማ እርግማን ነው፣ ሰው በራሱ ላይ አይጠራም።

ታዲያ በቀን ሁለቴ ሙሉ ዋጋ ለምን?

ሰዓት ጠጋኙ ፎክ ነው መልሱ።
አራተኛው በር ጎን የሚጠብቃት እሱ፣
ፀጉሩ ጥቁር፣ ከብልቃጥ የፈሰሰ ጥቁረት፣
ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክንዱ ላይ የቆመ ሰዓት።
«ቅደሚ» ይላታል።
ትቀድማለች። ጢጥ። አንዴ።
እሱ ጎንበስ ይላል፣ የጫማውን ክር ሊያስር፣
ሰዉ እስኪያልፍ፣ እሷም እስክትርቅ ከበር።
አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሆነ።
ጨዋነት መስሏት ልቧ በየጥዋቱ ገነነ።

ሰኔ ውስጥ፣ ዝናብ ከላይ አስፋልቱን ሲቀጠቅጥ፣
የላዩን ካርድ አስነካች። በሩ ቀይ አበራ፣ አልከፍትም አለ።
ትናንት ከዜሮ በታች ወርዶ ያበደራትም አልቋል።
መሙያው ማሽን ጋ ሰልፉ እባብ ሆኗል፤
ከኋላ ሰው ይገፋል፤
ከታች ባቡሩ ያጓራል።
«ቅደሚ» አለ ፎክ፣ እንደ ሁልጊዜው።
መሃረቡን ፈታች።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ወደኋላ ሳታይ ሄደች፤ ማጅራቷ ብቻ ጋለ።
አሥር እርምጃ። ከጀርባዋ ያው ድምፅ ተከተለ፦

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ዞረች። ሌላ ሰው አይደለም።
ጆሮው በርበሬ መስሎ፣ ፎክ ካርዱን ከኋላው ይሸሽጋል፣
ፎቶ ያለበትን ካርድ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ፣ ከእሷው ያረጀ።
ዓይኗ ወደ እግሩ ወረደ።
ጫማው ክር የለውም።
ኖሮትም አያውቅም።

«ስንት?» አለችው።
«ስድሳ ስድስት።»
«እኔ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሂሳብ ስገፈግፍ፣ አንተ በሁለት ዶላር!»
«የኔንማ ወገቤ ከፈለ» አለ፣ «በየጥዋቱ እያጎነበስኩ።»

ባቡሩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ከመቀመጫው ተነሳ፤
አንድ ቦታ፣ ለሁለት ሰው።
«ታላቅ ይቀመጥ» አለች። ተቀመጠ፣ ክርክር አላነሳ፤
ቦርሳዋን ግን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አኖረው።

በማግስቱ አራተኛውና አምስተኛው በር እኩል ጮኹ፣
ሦስት እዚህ፣ ሦስት እዚያ፣ ተደራርቦ።
ማንም ዞር ብሎ አላየ።
ሁሉም ወደሚደርስበት ይቸኩላል።